ወባን የሚያኖሩ ኢንዛይሞችና የአጥቢያችን ድርሻ



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በብር ሸለቆና በቡሬ ቆላማ ቀበሌዎች የወባ ወቅት ይገባል። በየአጥቢያው ስንዘዋወር ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ፦ «መድኃኒት ወስጄ ድኜ ነበር፤ ስለ ምን ተመለሰብኝ?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ተሕዋሱ በሰው አካል ውስጥ በምን ኃይል እንደሚኖር ማወቅ ይገባናል።

ኢንዛይም ምንድን ነው?

ኢንዛይም በሕያዋን አካል ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የመለወጥን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ለጠላ የሚገባውን ብቅል እናስብ። በበቀለው ገብስ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾውም ያንን ስኳር ያብላላዋል። የወባ ተሕዋስም ያለ ኢንዛይም አይበላም፣ አይራባም።

በደም ውስጥ የሚሆነው

ወባን የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም የተባለ፣ ከፕሮቶዞዋ ወገን የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ሴቷ የወባ ትንኝ ስትነድፍ ተሕዋሱ አስቀድሞ ወደ ጉበት ይገባል፤ በዚያም ተራብቶ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሸጋገራል። በዚያ ሄሞግሎቢንን በኢንዛይሞቹ እየቆራረጠ ይመገባል። ከምግቡ የሚተርፈው ሄም የተባለ ብረት አዘል ነገር ለራሱ መርዝ ስለሆነ ወደማይጎዳው ጠጣር ይለውጠዋል። ክሎሮኪን ይህን ለውጥ ይከለክላል፤ በኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ደግሞ ከሄሙ ብረት ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ይቀሰቀሳል።

በየ48 ሰዓቱ ገደማ ሌሎች ኢንዛይሞች የደም ሕዋሱን ሽፋን ይበጥሳሉ፤ አዲሶቹ ተሕዋስያንም ይፈስሳሉ። ሕመምተኛው የሚንቀጠቀጠውና የሚያተኩሰው በዚህ ጊዜ ነው። ትንኟ ደሙን ስትመጥ ተሕዋሱ ካይቲን አፍራሽ በሆነ ኢንዛይም የአንጀቷን ውስጣዊ ሽፋን ቀዶ ያልፋል፤ በኋላም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ስለ ምን ይመለሳል?

አንደኛ፣ መድኃኒቱ ስለሚቋረጥ። ኮአርተም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። ትኩሳቱ ቀድሞ ቢበርድም የቀሩት ተሕዋስያን እንደገና ይራባሉ። መድኃኒትን በወጉ አለመጠቀም የተላመዱ ዝርያዎች እንዲበዙም ያግዛል። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር ተሕዋሱ ለመራባት የሚያስፈልጉትን ኢንዛይሞች ያግድ ነበር፤ ኢንዛይሞቹ ቅርጻቸውን ሲለውጡ መድኃኒቱ ኃይሉን አጣ። ስለዚህም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 በኮአርተም ተካችው።

ሁለተኛ፣ ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚነሣ። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው። ይሁን እንጂ ጂ6ፒዲ የተባለው የሰው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደለው ሰው ፕሪማኩዊን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መውሰድ አይገባም፤ ሽንቱ የጠቆረበት ሕመምተኛም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ንድፊያ ነው። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ወጣትም በደሙ ተሸክሞት ሊመጣ ይችላል።

ስለ ምርመራውም አንድ ነገር እንጨምር። በጤና ኬላ ከሚሠራባቸው ፈጣን ምርመራዎች አንዳንዶቹ የሚፈልጉት የተሕዋሱን ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ ማለትም ኢንዛይሙን ነው። ሌላው ዓይነት የሚፈልገውን ፕሮቲን ያጡ የፋልሲፓረም ዝርያዎች ግን በአማራ ክልልም ተገኝተዋል። ስለዚህ «ወባ የለብህም» የተባለ ሰው ትኩሳቱ ከቀጠለ ተመልሶ ይመርመር።

የአጥቢያችን ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል። ወረርሽኙ ወባ እምብዛም የማያውቃቸውን ደጋማ ቦታዎች ጭምር አዳርሷል። ስለዚህ ደገኛው «እኛን አይነካንም» ብሎ መዘናጋት አይገባውም።

የወባው ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጣጠማል። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በሰውነት ይበልጥ ይሠራጫል። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ሕመምተኛው መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ እንዳይወስድ ይምከሩት፤ የጾም ወጥም ቢሆን በዘይት ከተሠራ ይረዳዋል። ወደ ጸበል የሚሄደውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ እንጂ አያቋርጥ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከእግዚአብሔር እንደተሰጠ እንድንቀበል ያስተምረናል።

ለውይይት

1. ባለፈው ወቅት በአጥቢያችን መድኃኒቱን ሳይጨርሱ ያቋረጡ ምን ያህል ናቸው? ምክንያታቸውስ ምን ነበር?
2. ከቆላ ሥራ የተመለሱ ወጣቶች እንዲመረመሩ ማን ይከታተል?
3. ከቅዳሴ በኋላ ስለ ወባ የሚያስተምረው ማን ይሁን? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን መቼ እንጋብዝ?