የሰባ ፈረስ እንዴት ይከሳል?

በዋግ ምድር ስለ ሰባ ፈረስ መጻፋችን ቀልድ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. ረኃብ ከወላጆቹ አፍ የሰማ ሰው «ሰው በተራበበት አገር የከብት ውፍረት ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» ቢለን አንቀየምም። ነገር ግን ዝናቡ በሰመረበት ዓመት ከሰቆጣ ወደ ደሃና ተሻግሮ የአምደወርቅን ደጋ የጎበኘ ሰው፣ ለጥምቀት ጉግስና ለሠርግ ካልሆነ በቀር ከደጅ የማይወጣ፣ ገብስ በላይ በላዩ የሚጨመርለት፣ አንገቱ እንደ ኮርማ የደነደነ ፈረስ ወይም በቅሎ ማየቱ አይቀርም። ቁጥሩ ጥቂት ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው እንስሳ ለአንድ ቤት፣ አንዳንዴም ለአንድ መንደር ያለው እርሱ ብቻ ነው። መኪና በማይደርስበት አቀበት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው እርሱ ስለ ሆነ፣ ቢያነክስ ጉዳቱ በባለቤቱ ብቻ አይቆምም።

የኪነ ጥበባት ክፍል ተማሪዎች ነንና በቃሉ እንጀምር። በአማርኛችን «ሰባ» ማለት ለከብት ምስጋና ነው። ለፋሲካ የሚታረድ በሬ ሲሰባ ዋጋው ይወጣል። ፈረስና በቅሎ ግን በአገራችን አይበሉም፤ ስለዚህ ፈረስ የተሸከመው ስብ ገዢ የሌለው ሸቀጥ ነው፤ ጭነቱንም የሚችሉት አራቱ ሰኮናዎች ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ቃሉ አንድ በመሆኑ የበሬው ምስጋና ወደ ፈረሱ ተላልፎ ቀረ። ነገሩ የፍቅርም ጉዳይ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ ብሎ በፈረስ ስም የጠራ ሕዝብ ለፈረሱ ቢሰስት ነበር የሚያስገርመው።

ፈረስ መስባቱ በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ ሣር የሞላው ሆድ ያታልላልና። በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። በደኅናው ፈረስ ላይ የጎድን አጥንቶች በዓይን ሳይታዩ በጣት ይቆጠራሉ። ጎድኑ ተጭነውት እንኳ የማይገኝ፣ ከጋማው ሥር ጠንካራ ጉብታ ያወጣ፣ በጭራው መነሻና ከትከሻው ኋላ ለስላሳ ስብ የተከመረበት፣ በጀርባውም መካከል እንደ ቦይ የጎደጎደ ከሆነ ሰብቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሄኔክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ዳሰሳ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ነጥብ አደራጅተውታል፤ 5 መካከለኛ ሲሆን 7ና ከዚያ በላይ ስብ የበዛበት ነው።

የስቡ ዋና ጠላትነት በሰኮና ላይ ይታያል። በጣም የሰባ ፈረስ በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያስተዳድረው ኢንሱሊን ሥርዓቱን ይስታል፤ በዚህም ምክንያት የእግሩን አጥንት ከሰኮናው ቅርፊት ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆስላል፤ ሲብስም አጥንቱ ከቦታው ይለቃል። ፈረሱ እሾህ እንደ ረገጠ ሰው ይራመዳል፤ ሲቆምም የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። አውድማ ገብቶ እህል የዘረፈ ፈረስም በሌላ መንገድ እዚያው በሽታ ላይ ይወድቃል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ግሪካዊው የጦር ሰው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ «ክሪቲያሲስ» የሚባል ደዌ ያነሣል፤ ስሙ የወጣው ገብስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በሽታው ገና ሲጀምር ቢታወቅ ማዳኑ እንደሚቀልም ይመክራል። የዋግ ባለ ፈረስም የሚመካው በገብሱ አይደለምን?

እንግዲህ ባለቤቱ ነገሩ ገብቶት ፈረሱን ለማክሳት ቢነሣ፣ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ማስጾም ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን በተለይ ይህ ነው። የሰባ ፈረስ በድንገት መኖ ሲነሣው ሰውነቱ ስቡን በአንድ ጊዜ ወደ ደሙ ይለቃል፤ ደሙ በጠርሙስ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ውሃ ወተት እስኪመስል ድረስ። ጉበቱ ያን ሁሉ ቅባት ሊችል አይችልም። ፈረሱ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎም መኖ ቢያቀርቡለት ራሱ እምቢ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡት አህያ፣ እርጉዝና የምታጠባ ባዝራ፣ እንዲሁም ቁመተ አጭር ፈረስ ናቸው። በሌላው ዓለም ቁመቱ ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ፈረስ «ፖኒ» ይባላል፤ የደጋችን ፈረስ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ሦስት ቀን አስሮ ማስራብ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው መሆኑ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ዘገምተኛ ነው። በመጀመሪያ ክብደቱ ይገመት። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፤ ውጤቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት ማባዛት፤ ከዚያ ለ11,880 ማካፈል ነው። ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 145 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ ወደ 239 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። በቀን የሚሰጠው ደረቅ መኖ ከዚህ ክብደት በመቶ 1.5 ያህል ይሁን፤ ይኸውም በድርቆሽ ሲታሰብ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ በታች ያለ ሐኪም ምክር መውረድ አይገባም። ገብሱ፣ ባቄላውና ፉርሽካው በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ይቅር፤ ሰኮናው ካመመው ግን በዚያው ቀን ይቁም። ከድርቆሹ ጥቂቱን በጭድ መተካት መልካም ነው፤ ጭድ አፉን ሥራ አያስፈታም፤ ጉልበቱም አነስተኛ ነው። ነገር ግን ከመኖው ግማሽ አይለፍ፤ ቀስ በቀስም ይግባ፤ ውሃም በብዛት ይጠጣ፤ አለዚያ አንጀቱን ይደፍነዋል። ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ፈረስ ጭድ አይሆንም። መኖውም በቀን አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ሆዱ ለረጅም ሰዓት ባዶ አይቀርም።

የውጭ አገር መጻሕፍት ስኳሩ እንዲወጣ ድርቆሹን በውሃ ዘፍዝፉ፣ ውሃውንም ድፉ ይላሉ። ምክሩ እውነት ነው። ሴቶች ከምንጭ ውሃ በጀርባቸው በሚያመጡበት አገር ግን ይህን የሚመክር ተማሪ ቢባረር አይፈረድባቸውም። ጭዱ ይበቃል።

ሰኮናው ጤነኛ ከሆነ እንቅስቃሴ ይጨመርበት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሳይቀመጥበት በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ለ20 ደቂቃ መሳብ ይበቃል፤ ከዚያ ጊዜው እየጨመረ፣ ሶምሶማ እየገባበት ይሄዳል። ቁልቁለት የፊት ሰኮናን ስለሚጫን የአምደወርቅ ዳገትና ቁልቁለት በኋላ ይድረስ። አንካሳን ፈረስ ግን እንዲከሳ ብሎ ማስኬድ ጭካኔ ነው።

በሳምንት ሊቀንስ የሚገባው ከክብደቱ በመቶ ግማሽ እስከ 1 ነው፤ ለዚህ ለምሳሌ ለጠቀስነው ፈረስ ከ1.2 እስከ 2.4 ኪሎ። 30 ኪሎ ትርፍ የተሸከመ እንደ ሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሥራው ቢጀመር የሚሻለው እህል ተወቅቶ ጭድ በሚበዛበት በታኅሣሥ ነው። ቀድሞም ቢሆን በክረምት የሰባውን ፈረስ ረጅሙ በጋ ራሱ ያከሳው ነበር፤ ሥርዓቱን ያፈረሰው ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጠው ገብስ ነው። ሐምሌ ገብቶ ሣሩ ሲለመልም ሰዓት ወስኖ ማሰማራት ያስፈልጋል፤ ቀን ሙሉ ከተለቀቀ የስድስት ወሩ ድካም በመስከረም ይመለሳል።

ሜትር የሌለው ሰው የደረቱን ዙሪያ በገመድ ለክቶ ቋጠሮ ያብጅበትና ገመዱን በጋጣው ምሰሶ ላይ ይስቀለው፤ በየ15 ቀኑም በዚያው ገመድ ይለካ። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ቋጠሮው ካልተንቀሳቀሰ፣ በሌሊት ገብስ የሚጨምርለት ሰው እንዳለ ቤተ ሰቡን መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ አያት ትገኛለች።