በድርቅ ጊዜ ለገበሬ ስለሚሰጥ የመንግሥት እርዳታ

ድርቅ በመጣ ጊዜ ገበሬውን የሚጐዳው የእህሉ መጥፋት ብቻ አይደለም። እህል ያጣ ሰው ልጆቹን ለማብላት አስቀድሞ በጎቹን ፤ ቀጥሎም የሚያርስበትን በሬ ይሸጣል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሻጭ ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወድቃል ፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። ዝናም በሌላው ዓመት ይመለሳል ፤ የተሸጠው በሬ ግን አይመለስም። በ1880ዎቹ መዠመሪያ ፤ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን ፤ ከብቱ በበሽታ ባለቀ ጊዜ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በእጃቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው ስለዚህ ነበር። በሬ ያለቀበት አገር ዝናም ቢያገኝም ማረስ አይችልምና።

እንግዲህ እርዳታ የሚጠቅመው በሬው ሳይሸጥ ሲደርስ ነው። በኢትዮጵያ ግን ለብዙ ዓመታት እርዳታ ይለመን የነበረው ረኃቡ ከታየ በኋላ ነበር። ይህን ለማሻሻል በ1997 ዓ. ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ሥራ ተዠመረ። በመዠመሪያውም ዓመት በትግራይ ፤ በአማራ ፤ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተረዱበት።

አከፋፈሉም እንዲህ ነበር። ጉልበት ያለው ሰው እርከን እየሠራ ፤ ኵሬ እየቈፈረ ፤ መንገድ እየጠረገ ለቤተ ሰቡ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን ይሠራል። ይህም በዓመት 6 ወር ይቈያል። የቀኑ ዋጋ በመዠመሪያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ስለዚህ 5 ነፍስ ያለበት ቤት በወር 150 ብር ወይም 75 ኪሎ እህል ይደርሰው ነበር። የሚሠራ ሰው የሌላቸው ሽማግሌዎችና በሽተኞች ግን ሳይሠሩ ይቀበሉ ነበር። በ2000 ዓ. ም. እህል እጅግ በተወደደ ጊዜ ብሩ ያንኑ እህል ሊገዛ ስላልቻለ ብዙዎች ከገንዘቡ ይልቅ እህሉን መረጡ።

ተረጂ እንዲሆን የተወሰነው በ3 ተከታታይ ዓመታት በያመቱ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ምግብ ያጠረው ቤተ ሰብ ነበር። መራጮቹም የአገሩ ሰዎች እንዲሆኑ ተደረገ ፤ የጎረቤቱን ጎተራ የሚያውቅ ጎረቤት ነውና። የተመረጡትም ስም ለሕዝብ እንዲገለጥ ፤ ቅር ያለውም አቤት የሚልበት ኮሚቴ እንዲኖር ታዘዘ።

ይሁን እንጂ ሥርዓት ያለ እውነተኛ ሰው አይቆምም። ችግረኛዪቱን መበለት ትቶ ዘመዱን የሚጽፍ ሽማግሌ የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ ያባከነ አይምሰለው ፤ የመበለቲቱን በሬ በገዛ እጁ ሸጦባታል። ፊደል የሚያውቅ ሰውም ዝርዝሩን ለማያነበው ጎረቤቱ ጮኾ ሊያነብለት ፤ አቤቱታውንም ሊጽፍለት ይገባል።

ጥያቄ።
1ኛ ፤ 4 ነፍስ ያለበት ቤት በ6 ብር ሒሳብ በወር ስንት ብር ይደርሰው ነበር?
2ኛ ፤ የእህል ዋጋ እጥፍ ቢሆን ያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ይገዛል?
3ኛ ፤ ክፍያው ቢዘገይ ገበሬው አስቀድሞ ምን ይሸጣል? በሚመጣው ክረምትስ ምን ያጣል?