ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ከዋክብት

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣ ዘንድሮ በክፍላችን እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር አጥንቶ በአማርኛ እንዲጽፍ ተባልን። እኛ ከዋክብትን መረጥን። ስህተት ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በዚህ አገር በዝናቡ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ማታ ወደ ሰማይ ስንመለከት ሠውር የሚባለው ኅብረ ከዋክብት ይታያል። በዕብራይስጥ ሾር ይባላል፤ ሁለቱም በሬ ማለት ነው። የበሬው ፊት ተከፍተው እንደቆሙ ሁለት ጣቶች ነው። በአንደኛው ጣት ጫፍ ላይ ቀላ ያለው ትልቁ ኮከብ አልደባራን አለ። ከእሱ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ከዋክብት ተጠጋግተው ይታያሉ። ጀርመናዊው ዮሐን ባየር እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው የሰማይ ካርታ ከዋክብትን በግሪክ ፊደላት ሰየመ። እነዚህ ሁለቱ ቴታ የሚለውን ፊደል ተካፈሉ። ቴታ 1 ብርቱካንማ ነው፤ ቴታ 2 ነጭ ነው።

ታዲያ ስማቸው አንድ ስለሆነ ዘመዳሞች ናቸው?

ይህን ጥያቄ የጠየቅነው በምክንያት ነው። ከቡድናችን ሁለቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው። ነገር ግን አባቶቻቸው ከኢትዮጵያ ሲመጡ ለአንዱ የአባቱ፣ ለሌላው የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዘገበ። ስለዚህ መታወቂያቸውን ያየ ሰው ዘመዳሞች ናቸው ብሎ አያምንም።

የከዋክብት ዝምድና የሚታወቀው በመለካት ነው። አውራ ጣትዎን ከፊትዎ ዘርግተው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዓይን ቢያዩት ቦታ የቀየረ ይመስላል። መሬትም በስድስት ወር ወደ ፀሐይ ማዶ ስለምትሻገር፣ ቅርብ ያለ ኮከብ ትንሽ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ከዚያ ርቀቱ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተላከችው ሂፓርኮስ የተባለች ሳተላይት ከ100 ሺህ በላይ ከዋክብትን እንዲህ ለካች።

ሁለቱ ቴታዎች ከእኛ ወደ 150 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ። ዛሬ የምናየው ብርሃናቸው የተነሣው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን አካባቢ ነው። ሁለቱም ሃያዴስ ከሚባሉት ከዋክብት ወገን ናቸው። እነዚህ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከአንድ ደመና ተወልደው እስከ ዛሬ በአንድ አቅጣጫ አብረው ይጓዛሉ። እያንዳንዱ ቴታም በደንብ ሲመረመር ጥንድ ሆኖ ተገኝቷል። የቴታ 2 ጥንዶች በ141 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራሉ።

አልደባራን ግን በመካከላቸው የተቀመጠ ቢመስልም ርቀቱ 65 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው። ዘመዳቸው አይደለም፤ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ጀዲ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ደግሞ አልፋ የሚል አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከዋክብት አሉ። አንዱ ወደ 100 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ሌላው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይርቃል።

ስለዚህ ስም ብቻውን ዝምድናን አይሰጥም፣ አይነሣምም። ለከዋክብት ሳተላይት አለ። ለእኛ ግን ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የምታውቁ እናንተ ናችሁ። በደብተራችን ሰባት መስመር አስምረናል። ከመካከላችን ሦስቱን መስመር እንኳ የሞላ ጥቂት ነው። እባካችሁ ቀሪውን ንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን።