በልደት ሰሞን ደጋግመን የምናየው ፊልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፥ ፊልም ማየት ለመንፈሳዊ ወጣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በመካከላችን አዲስ አይደለም። በዚህች ጽሑፍ ያን ክርክር እንደገና ለመክፈት አላሰብንም። ይልቁንም ላለፉት አራት ዓመታት ከልደት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማታ፥ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግተን ስላየነው ስለ አንድ ፊልም፥ ከእርሱም ስለ ተማርነውና ሳንማረው ሊያልፈን ስለ ነበረው ነገር ልናካፍላችሁ እንወዳለን።

ከልደት በኋላ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው ምዕራባውያን በዓሉን ዲሴምበር 25 ቀን፥ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ያከብራሉ። ስለዚህ የልደት ፊልሞች በየቴሌቪዥኑ የሚጎርፉበት ሰሞን ለእኛ ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው የነቢያት ጾም ነው። እነርሱ በልተው ሲጨርሱ እኛ እንጀምራለን፤ ፊልሙም እንደ ዶሮ ወጡ ቢቆየን አይጎዳንም።

በመጀመሪያ ሦስት ፊልሞች ቀርበው ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ጌታችን ልደት የተሠራው ነው፤ እመቤታችንን በምጥ ስትጨነቅ ስለሚያሳይ ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጋር አይስማማምና በአዳራሻችን እንዳይታይ ተስማማን። ሁለተኛው ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ካሳተመው ታሪክ የተወሰደውና በ1951 የወጣው፥ የስስታሙ የስክሩጅ ፊልም ነው። መልካም ፊልም ነው። ነገር ግን ሀብታም ሲጸጸት ማየት ለድኃ ቀላል ነው፤ ከመካከላችን ሀብታም ስለሌለ ማንም ራሱን አልመረመረም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የተሠራው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው፤ «ሕይወት ድንቅ ናት» እንደ ማለት ነው። አመጣጡ ራሱ ይገርማል። ፊሊፕ ቫን ዶረን ስተርን የሚባል ጸሐፊ አንዲት አጭር ታሪክ ጽፎ የሚያትምለት ቢያጣ፥ በ1943 በራሱ ወጪ 200 ቅጂ አሳትሞ እንደ ልደት ካርድ አድርጎ ለወዳጆቹ ላከ። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራም ያችን ታሪክ ወደ ፊልም ለወጣት። ዋናው ተዋናይ ጄምስ ስቱዋርት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪነቱ ገና መመለሱ ነበር። በፊልሙ የምናየው በረዶ የተሠራው በካሊፎርኒያ ሙቀት ውስጥ፥ ከእሳት ማጥፊያ አረፋና ከሳሙና ነው። ፊልሙ ለኦስካር ሽልማት በአምስት ዘርፍ ታጭቶ በአንዱም አላሸነፈም፤ የወጣበትንም ገንዘብ በጊዜው አልመለሰም። በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱ ግን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ በየልደቱ ያሳዩት ጀመር፤ ሕዝቡም የወደደው ያን ጊዜ ነው። መብቱን ማደስ የነበረበት ሰው ባይዘነጋ ኖሮ ምናልባት እኛም ባላየነው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆርጅ ቤይሊ ቤድፎርድ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፥ ዓለምን ዞሬ አያለሁ እያለ ያደገ ወጣት ነው። አባቱ ለድኆች ቤት መሥሪያ የሚያበድር የቁጠባ ማኅበር ነበረው፤ እኛ በእቁብና በዕድር የምናውቀውን መተሳሰብ በጽሕፈት ቤት ደረጃ ያደራጀ ማለት ነው። አባቱ ሲሞት ጆርጅ ማኅበሩን ተረክቦ ይቀራል፤ ለትምህርቱ ያጠራቀመውንም ገንዘብ ለታናሽ ወንድሙ ለሃሪ ይሰጣል። ሃሪ ተምሮ ሲመለስ ይተካው ነበር፤ ነገር ግን ሚስት አግብቶ፥ በአማቱ ዘንድ ሥራ አግኝቶ ይመጣል። ጆርጅም እንደ ቀረ ይቀራል። በሠርጉ ቀን እንኳ ሕዝቡ በድንጋጤ ገንዘቡን ሊያወጣ ሲጋፋ፥ ለጫጉላ ጉዞው የያዘውን 2,000 ዶላር ለማኅበርተኞቹ ያከፋፍላል። ከብዙ ዓመት በኋላ በልደት ዋዜማ አጎቱ የማኅበሩን 8,000 ዶላር ይጥላል፤ የከተማው ባለጠጋ ሚስተር ፖተር አግኝቶት ዝም ይላል። ጆርጅ እስር ቤት እንደሚጠብቀው ባወቀ ጊዜ ሊሞት ወደ ድልድይ ይሄዳል። ያን ጊዜ ክላረንስ የሚባል መልአክ ይላክለታል፤ እርሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደ ነበርም ያሳየዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ፊልሙ እንዳለቀ ክርክሩ ተነሣ። ክላረንስ ቀድሞ ሰው የነበረ፥ ሞቶ መልአክ የሆነ፥ ጆርጅን በማዳኑም ክንፍ የተሸለመ ተደርጎ ቀርቧል። ይህ ስሕተት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መላእክት በመጀመሪያው ቀን እንደ ተፈጠሩ ታስተምራለች፤ ሰው ሰው ነው፥ መልአክም መልአክ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ቁጥር 30 ጌታችን ስለ ትንሣኤ የተናገረው «እንደ» ብሎ ነው እንጂ ይሆናሉ ብሎ አይደለም። አንዲት እኅታችን ግን ጥሩ ነገር አስተዋለች፤ ክላረንስ ጆርጅን ከድልድዩ ላይ አልመከረውም፥ አስቀድሞ ራሱ ወደ ወንዙ ገባ፤ ጆርጅም እርሱን አወጣለሁ ብሎ ሞቱን ረሳ። ታኅሣሥ 19 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤልም ሠለስቱ ደቂቅን እሳቱ ውስጥ ገብቶ ነው ያዳናቸው አለች። እንዲህ እየተባባልን ስለ ክንፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን።

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ወንድማችን ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ማንም ምን ትላለህ አላለውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ከመካከላችን ለአንዱ የነገረው። አባቱ ሲሞት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረ፤ የበኵር ልጅ ስለሆነ ትምህርቱን ትቶ ሁለት ታናናሾቹን አሳደገ። እኅቱ ተመርቃለች፤ ወንድሙ ውጭ አገር ነው፥ ስልክም አያበዛም። «እናንተ ስለ ክንፉ ስትከራከሩ እኔ ድልድዩ ላይ ነበርኩ» አለ። ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም ይዘነው ሄድን። ዛሬ ይህን የምንጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ፊልሙን ስናየው ሌላ ፊልም ሆነብን። የሚጀምረው በጸሎት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት አላስተዋልንም ነበር፤ ከየቤቱ ሰዎች ስለ ጆርጅ ሲለምኑ ይሰማል። ፖተር ደግሞ እስከ መጨረሻው አይቀጣም፥ 8,000 ዶላሩንም አይመልስም። ከአባሎቻችን ይህን አጥብቀው የተቃወሙ ነበሩ። እኛ ግን ፊልሙ በዚህ እውነተኛ ነው እንላለን፤ በዳዩ ሳይቀጣ የተበደለው ሊድን ይችላልና።

በሦስተኛው ዓመት ያየነው የጆርጅን ሚስት ሜሪን ነው። ጆርጅ በዚያ ምሽት መልካም ሰው አልነበረም፤ በልጆቹ ላይ ይጮኻል፥ የልጁን አስተማሪ በስልክ ይሰድባል። ሜሪ አልተቀየመችም፤ ምን ሆነሃል ብላ ጠየቀች፥ ከዚያም ወጥታ ባሏ መቸገሩን ለሰው ሁሉ ተናገረች። ሕዝቡ ገንዘቡን በቅርጫት ይዞ የመጣው መልአኩ ስለ ነገረው አይደለም፥ እርሷ ስለ ነገረችው ነው። እኛ ጓዳችንን ለጎረቤት አናሳይም ብለን ያደግን ስለሆንን ይህ ነገር ከበደን። ረጅም ጊዜም ተወያየንበት። ከዚያ ወዲህ በልደት ሳምንት ሁለት ሁለት እየሆንን አባላትን በየቤታቸው እንጠይቃለን፤ በጉባኤ ዝም የሚሉትን አስቀድመን።

ያ ወንድማችን አሁን ፕሮጀክተሩን የሚይዘው እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሕዝቡ ገንዘቡን ሊያወጣ በሚጋፋበት ቦታ ላይ ፊልሙን አቆመው። በዚያ ትርዒት የመጀመሪያው ሰው 242 ዶላሬን ሙሉውን ስጡኝ ብሎ ይወስዳል፤ ሌሎቹ ሃያ ሃያ ይላሉ፤ አንዲት ሴት ግን 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ትጠይቃለች፥ ጆርጅም በደስታ ይስማታል። ማኅበሩ በዚያ ምሽት የተዘጋው ሁለት ዶላር ቀርቶት ነው። «ያ ሰውዬ ግን ሌባ ነው እንዴ? የጠየቀው የራሱን ገንዘብ አይደለም?» ሲል ጠየቀን። ማንም ወዲያው አልመለሰለትም። ዘንድሮ ፊልሙን የምናየው እንደ ወትሮው ከልደት በኋላ ባለው ቅዳሜ ከምሽቱ በ12 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ በጊዜ እንድትገኙ፥ ለዚህ ጥያቄም መልስ አስባችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።