ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት

ቆይ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪው። አርባ ምንጭ ለሚደረገው የሩጫ ሙከራ በምትሞዪው ቅጽ፣ የትውልድ ዘመን የሚለው ላይ ምን ልትጽፊ ነው? 2004? አንቺ የተወለድሽው መጋቢት 2002 ነው፤ ያዘልኩሽ እኔ ነኝ፣ ለእኔ አይነገረኝም። «ሁለት ዓመት ቀንሺ፣ ከትንንሾቹ ጋር ስትሮጪ ታሸንፊያለሽ» ያለሽ ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ገረሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ መገመት አያቅተኝም።

ዕድሜ እንደ ድሮው በቃል የሚነገር ነገር መሆኑ ቀርቷል። ፋይዳ መታወቂያ ላይ የልደት ቀንሽ ከአሻራሽ ጋር ተመዝግቧል፤ የትምህርት ማስረጃሽ ላይም አለ፤ ነገ ፓስፖርት ሲወጣ እዚያም ይሰፍራል። እነዚህ ካልተስማሙ ከአውሮፕላን ማረፊያ የምትመለሺው አንቺ ነሽ፣ መካሪሽ ቤቱ ተኝቶ ያድራል። ደግሞ ጸሐፊውን ቆመሽ ተከታተዪው። መጋቢት 2002 ማለት በፈረንጅ 2010 ነው፤ ሰውየው 2002ን እንዳለ ከገለበጠው በአንድ መስመር ስምንት ዓመት ታረጃለሽ። ቀነስኩ ብለሽ ስትመጪ የጨመርሽ ሆነሽ ትገኛለሽ።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ ልምጣ። አዲስ አበባ እወስድሻለሁ፣ ክለብ አስገባሻለሁ ያለሽ ሰውዬ። የጋሞን ደጋ የምታውቂ ልጅ ሆነሽ ይህን ወሬ የሰማሽው ዛሬ ብቻ ነው? ስንት ወንድሞቻችን «ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» በሚል ቃል ከእናታቸው እጅ ተወስደው ሽሮ ሜዳ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ አሉ? ትምህርቱ ቀረ፣ ከንጋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲወረውሩ አደጉ። ወላጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ሰውየው የአገር ልጅ ነው፣ ቋንቋችንን ይናገራል፣ ልብሱ ንጹህ ነው፤ መጠየቅ አፈሩ። አንቺ አትፈሪ። የት ነው የማድረው? ከማን ጋር? ኪራዩን ማን ይከፍላል? ክለቡ በደብዳቤ ጠርቶኛል ወይስ በወሬ ነው? ታምሜ ብመለስ የመሳፈሪያዬን ማን ይሰጠኛል? መልሱን አባባ ባሉበት ይናገር። እውነተኛ አሰልጣኝ እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ የሚቆጣውን ሸኝተሽ በሩን ዝጊ።

ለመሆኑ አዲስ አበባ ምን ፍለጋ ነው? አየር ከሆነ እዚሁ አለሽ። አትሌቶቹ ወደ እንጦጦና ሱሉልታ የሚወጡት ለከፍታው ነው፤ አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ ከፍታ ላይ ነሽ። ፈጣን ልምምድ ሲኖርባቸው ደግሞ ወደ አቃቂና ሰበታ ይወርዳሉ፣ ዝቅ ያለ ቦታ እግር ስለሚፈታ። የእኛ ዝቅ ያለ ቦታ አርባ ምንጭ ነው፣ 1,300 ሜትር ገደማ፤ በአንድ ዞን ውስጥ ደጋውም ቆላውም አለ። ዩኒቨርሲቲው ስፖርት ሳይንስ ያስተምራል፤ ከመምህራኑ አንዱ በክረምት ዕረፍት ሰዓትሽን ቢለካልሽ ደላላው ከሚሰጥሽ ተስፋ ይበልጣል። ብቻ ስትወርጂ ያለ አጎበር እንዳታድሪ። ወባ ደም ትጨርሳለች፤ ደም ሲያንስ ዳገቱ ይረዝምብሻል፣ አንቺም ምክንያቱን ሳታውቂ «ሰነፍኩ» ትያለሽ።

ሰው ስለ ሯጮቹ ከተማ ስለ በቆጂ ሲያወራ ከፍታውንና ገብሱን ያነሳል። ገብስ እኛም አለን፣ ቆጮም ጨምረን። በቆጂ የነበራት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው፤ የስፖርት መምህር ሆነው ገብተው የከተማውን ልጆች ለዓመታት ሳይታክቱ ያሠለጠኑ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው ደራርቱ በእሳቸው እጅ አልፋለች፣ ቀነኒሳም እንዲሁ። ገረሴም የጎደላት እንዲህ ዓይነት ሰው እንጂ ተራራ አይመስለኝም። ስለዚህ የስፖርት አስተማሪሽን አትናቂው። ሰዓት መያዣ ከሌለው ስልክሽን ስጪው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መምጣት ከቻለም ሁለቱን ቀን አክብሪለት።

ስለ ርቀቱ ደግሞ እናውራ። የጎዳና ሩጫ ብር አለው ብለው ግማሽ ማራቶን እንድትሮጪ እየገፋፉሽ ነው አሉ፣ በ16 ዓመትሽ! ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሎምፒክ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ 10,000 ሜትር እንዲሮጥ፣ 20 ያልሞላው ደግሞ ማራቶን እንዲገባ አይፈቅድም። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ የመጀመሪያ ማራቶኗን የሮጠችው በ2014 ለንደን ላይ ነው። ለተሰንበት ግደይ በ2015 እና በ2017 ከ20 ዓመት በታች የዓለም አገር አቋራጭ አሸነፈች፣ በ2021 የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ29:01.03 ሰበረች፣ ማራቶን የጀመረችው ግን በ2022 መጨረሻ ነው። እነሱ ማራቶኑ እንደሚከፍል ሳያውቁ ቀርተው ነው? አንቺ ለአሁኑ 800፣ 1,500 እና አገር አቋራጭ ሩጪ። መሰናክልም ሞክሪ፤ አጥር ዘለሽ ጎመን ሰርቀሽ ስትበዪ ያደግሽ ልጅ ነሽ።

ልምምዱን ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት አታድርጊው። ቀለል ባለው ቀን ከጓደኛሽ ጋር እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ከኮብልስቶኑ ሣሩ ይሻልሻል፣ ቅልጥምሽ ያመሰግንሻል። ሌሊት ብቻሽን አትውጪ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ውጡ። ጅቡን አይደለም የምፈራልሽ።

እማዬ አጠገብ የማልለውን ልንገርሽ። የወር አበባሽ ሦስት ወር ከቀረ «ሯጭ ሆንኩ» ብለሽ እንዳትደሰቺ። አንዳንድ ልጆች እንደ ሜዳሊያ ያወሩታል፣ ስሰማ ያመኛል። የምትበዪው ከምትሮጪው አንሷል፣ አጥንትሽ እየሳሳ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሴቷን ነርስ አናግሪ። «ቀጭን ሁኚ» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመሽ ከቆጮው ላይ አንድ ጉርሻ ጨምሪ። ምስርና ጎመን አይጉደልብሽ፤ ቡናውንና ሻዩን ከምግቡ ራቅ አድርገሽ ጠጪ፣ ከምግቡ የምታገኚውን ብረት ያስቀርብሻል። ደብተር ያዢ፤ ቀኑን፣ የሮጥሽውን፣ እንቅልፍሽን፣ የወር አበባሽንም ጻፊበት። አሰልጣኝ ይቀያየራል፣ ደብተሩ ካንቺ ጋር ይሄዳል።

መርፌ ግን ከማንም እንዳትቀበዪ። «ቫይታሚን ነው፣ ሁሉም ይወስዳል» ይሉሻል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ በጥብቅ ክትትል ውስጥ ካስገባቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ደንቡ «አላወቅኩም ነበር» የምትይውን በቀላሉ አይሰማም፤ በሰውነትሽ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ታመሽ መድኃኒት ሲታዘዝልሽም ሯጭ መሆንሽን ለሐኪሙ ንገሪ፣ ካርቶኑንም አትጣዪ።

ስለ ገንዘብ፣ ገና ሳንቲም ሳታገኚ ልናገር። የባንክ ሂሳቡ በስምሽ፣ የይለፍ ቁጥሩ በልብሽ። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የሴቶች ብቻ የ10 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በወሩ ኢቴን በሚገኘው ቤቷ ተወግታ ሞታ ተገኘች፣ ባሏም ተከሰሰ። ኡጋንዳዊቷ ርብቃ ቼፕቴጌ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶን ሮጣ በተመለሰች ሳምንታት ውስጥ የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት፤ በገዛችው መሬት ይጨቃጨቁ ነበር። ላስፈራራሽ አይደለም። «አሰልጥኜሻለሁ፣ ስለዚህ አንቺም ብርሽም የእኔ ናችሁ» የሚል ወንድ እዚህም አለ። እጁን ትከሻሽ ላይ ሲያቆይ ካልተመቸሽ፣ አለመመቸትሽ ይበቃል፤ ማስረጃ አትፈልጊ፣ ደውዪልኝ።

ትምህርቱን አታቋርጪ። ከመቶ ልጅ ስንቱ ክለብ እንደሚገባ ራስሽ ታያለሽ፤ 12ኛን የጨረሰች ሯጭ ደግሞ የምትፈርመውን ውል ታነበዋለች።

በይ፣ አሁን 2002 ብለሽ ጻፊ። ለሙከራው ከዋዜማው አርባ ምንጭ ግቢ፣ አክስት ቤት እደሪ። ጠዋት የለመድሽውን ብዪ፣ የማታውቂውን የታሸገ መጠጥ ተዪው። ሙቀቱ ስለሚከብድሽ ማሟሟቂያውን አሳጥሪ፣ ጥላ ውስጥ ጠብቂ። የመጀመሪያውን ዙር ቀድሞ የሚፈነጠር አይጠፋም፣ ይሂድ። ሲያልቅ መራጮቹ ስምሽን ጠሩም አልጠሩም፣ ወደ ሰዓት ያዡ ሂጂና «ስንት ገባሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሳትረሺው ደብተርሽ ላይ ጻፊው።