ከዘይት ቅየራ ማግስት የሚታየው ጠብታ ሒሳቡ ስንት ነው?

ለአዲስ አበባ የጭነት መኪና ባለንብረት ቃሊቲ የከተማዋ ደጃፍ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በዚሁ በኩል ይገባል፤ ጉምሩክም እዚሁ አለ። ሹፌሩ ተራ እስኪደርሰው ድረስ ጎማ ያስነፋል፣ መኪና ያሳጥባል፣ ዘይት ያስቀይራል። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢም ሆነ ከዚያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ዘይት ቅየራ የዘወትር ሥራ ነው። ቀላል ስለሚመስልም ብዙውን ጊዜ ለጋራዡ ትንሽ ረዳት ይሰጣል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ አይሱዙውን ማታ ዘይት አስቀይሮ አሳደረ እንበል። ሲነጋ ከሞተሩ ሥር የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር መሬቱ ላይ ተኝቶ ያገኛል። ጭነቱ አዳማ ይጠበቃል። ሹፌሩ «ትናንት የፈሰሰ ትራፊ ነው፤ መንገድ ላይ ይደርቃል» ይለዋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሮንዴላ ዋጋና በአንድ ሞተር ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የሞተር ዋጋ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ በመንግሥት ተነገረ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የዘይቱም የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ተንቀሳቀሰ። ከዚህ አንጻር በእጅ ያለ በነዳጅ የሚሠራ መኪና በቀላሉ የማይተካ ካፒታል ሆኗል።

ጠብታው ከየት ነው?

ከዘይት ቅየራ በኋላ የሚታይ ጠብታ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ፊልትሮ ሲፈታ በውስጡ የቀረው ዘይት በሞተሩ ጎንና ከሥር ባለው ብረት ላይ ይፈሳል፤ ረዳቱ በደንብ ካልጠረገው ለአንድ ሁለት ቀን ያንጠባጥባል፣ የጋለ ብረት ከነካም ይሸታል፣ ይጨሳል። ይህን ለመለየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። የሞተሩን ሥር በጨርቅ በሚገባ ማድረቅ፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር መንዳት፣ ከዚያም ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ዘርግቶ ማሳደር ነው። ካርቶኑ ደርቆ ካደረ ጉዳዩ አለቀ። ጠብታው ከተደገመ ግን ትራፊ ነው ማለት አይቻልም።

የጠብታው ቀለምም ይናገራል። በቤንዚን ሞተር አዲስ ዘይት ማር ይመስላል፤ ማር የመሰለ ጠብታ የሚያመለክተው ትናንት የገባው ዘይት ራሱ እየወጣ መሆኑን ነው። በናፍጣ ሞተር ግን አዲሱ ዘይት በአጭር ጊዜ ስለሚጠቁር በአይሱዙ ላይ ቀለም አይታመንም። ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ውኃ ከሆነ የማቀዝቀዣው ነውና ማንም አይደንግጥ።

ከሁሉ የሚሻለው መለያ ጊዜው ነው። ዘይቱ የሚፈስበት የኮፓው ታፖ ግፊት የለበትም፤ ዘይቱ በላዩ ላይ ተኝቶበታል እንጂ አይገፋውም። ስለዚህ ታፖው ካልያዘ መኪናው ቆሞም፣ ሞተሩ ጠፍቶም ያንጠባጥባል። ፊልትሮው ግን ፓምፑ በሚገፋው ዘይት መንገድ ላይ ነው። በፊልትሮው በኩል ያለ ቀዳዳ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ደረቅ መስሎ ይታይና ሞተሩ ሲነሣ ይተፋል። ቆሞ የሚያንጠባጥበው ባለንብረቱን ያሳስባል፤ ተነሥቶ የሚተፋው ግን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሙሉውን ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላልና።

ታፖና ሮንዴላ

ከታፖው ጋር ያለው ሮንዴላ ከመዳብ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከመሰል ለስላሳ ነገር የሚሠራው ሲጠብቅ ተደፍጥጦ ክፍተቱን እንዲደፍን ነው። አንዴ የተደፈጠጠ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይደፍንም። ይህም ሆኖ አሮጌውን መልሶ ማሰር በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ የአዲሱ ዋጋ ግን ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም።

ሮንዴላው አልይዝ ሲል የሚመጣው መድኃኒት ከበሽታው ይብሳል። ረዳቱ ቁልፉ ላይ ቱቦ ይቀጥልና በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቀዋል። ለብዙዎቹ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች የታዘዘው የታፖ ጥብቀት 38 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በቀላል አነጋገር 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ የ19 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ማለት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ይበቃል። ከዚህ ካለፈ የኮፓው ፊሌቶ ይበላል፣ በተለይ ኮፓው አሉሚኒየም ከሆነ። ያኔ ፊሌቶውን ማስወጣት ወይም ኮፓውን መለወጥ ግድ ይሆናል። በሲሊኮን መለጠፍ ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ ያው ነው።

ባለ ሁለት ጎማው ፊልትሮ

የፊልትሮው ስሕተት ይበልጥ የተደበቀ ነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ረዳቱ ሳያይ አዲሱን በላዩ ላይ ያስራል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፤ ሞተሩ ሲግልና ግፊት ሲጨምር አንዱ ተንሸራትቶ ይወጣል።

ይህ የቃሊቲ ልጆች ብቻ የሚሠሩት ስሕተት እንዳይመስል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሆንዳ ሲአር-ቪ መኪኖች ላይ ምርመራ አድርጎ ነበር። የ2003 እና የ2004 ሞዴል የሆኑ አዳዲስ መኪኖች የመጀመሪያ ዘይታቸው ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ እሳት ይነሣባቸው ጀመር። ከፊልትሮው የወጣው ዘይት በጋለው የጭስ መውጫ ላይ ይፈስ ነበር። ሆንዳ ምክንያቱ ቅየራው ላይ የተፈጸመ የፊልትሮ አገጣጠም ስሕተት መሆኑን ገለጸ። ሥራው የተሠራው በየመንደሩ ሳይሆን አብዛኛው በኩባንያው ወኪሎች ጋራዥ ነበር።

ጥንቃቄው ግን ቀላል ነው። የተፈታውን ፊልትሮ ገልብጦ ጎማው አብሮት መውጣቱን ማየት፣ የአዲሱን ጎማ ዘይት መቀባት፣ ጎማው ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ፤ ፊልትሮው ላይ የተጻፈ ሌላ ትእዛዝ ካለ በዚያ መሄድ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ከሥር መመልከት። ባለንብረቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህችን ሁለት ደቂቃ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

ሌላው «ለማንኛውም» ተብሎ የሚጨመረው ዘይት ነው። ከመለኪያው ላይኛ ምልክት በጣም ያለፈ ዘይት በሚሽከረከረው የሞተር አካል ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ ግፊት ይፈጥራል፣ ሲለብስ የቆየውን ፓራኦሊዮም አስጨንቆ ማስተፋት ይጀምራል። ባለንብረቱ ደግሞ ሲተፋ አይቶ ሌላ ሊትር ይጨምርበታል።

በሴኮንድ አንድ ጠብታ

ጠብታ ትንሽ ነው የሚል ካለ ሒሳቡን ይሥራ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ጠብታ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ከ4 ሊትር በላይ ነው። የአንዲት ቪትዝ ሞተር ሙሉ ዘይት ደግሞ 4 ሊትር አይሞላም። ቅዳሜ ማታ የቆመች መኪና ሰኞ ጠዋት ባዶ ሆና ልትነሣ ትችላለች ማለት ነው።

ቀዩ የዘይት መብራት እንደ ጠባቂ መቆጠሩም ስሕተት ነው። በአብዛኛው መኪና መብራቱ የሚናገረው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። በርቶ ሲታይ ብሮንዚናው ዘይት እያጣ ነው። «ጋራዥ እስክደርስ» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ዳር ይዞ ወዲያው ማጥፋት፣ ቀዝቀዝ ሲል መለኪያውን ማየት፣ ዘይቱ ከሌለም በተጎታች መሄድ ነው። የተጎታች ዋጋ ያማል፤ የሞተር ማስወረጃ ግን ይብሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ማን ይከፍላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ሥራ ተቋራጭ አንድን ውጤት በራሱ ኃላፊነት ለማስገኘት የሚገባበትን ውል ይደነግጋል። ዘይት የሚቀይር ጋራዥም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ የሸጠው ጉልበት ብቻ ሳይሆን የማያንጠባጥብ ሞተር ነው። በቁጥር 1772 ደግሞ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን ቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ተመልክቷል። እንግዲህ ባለንብረቱ በንዴት መኪናውን ወደ ሌላ መካኒክ ወስዶ ካስፈታው ማስረጃውን በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው። ታፖው ሳይነካ ፎቶ ማንሣት፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መመዝገብ፣ ደረሰኙን ይዞ መጀመሪያ ወደ ሠራው ጋራዥ መመለስ ይበጃል። ደረሰኝ ያልጠየቀ ነጋዴ ክርክሩን ባዶ እጁን ይጀምራል። ፊልትሮውን ራሱ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ካመጣ ደግሞ ጋራዡ ጥፋቱን ወደ ዕቃው እንደሚያዞር ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለገዢና ለደላላ

በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ይኸው ጉዳይ በተቃራኒው ይመጣል። ሻጩ መኪናውን ላቫጆ አስገብቶ ሞተሩን ያሳጥባል፤ ዘይቱንም አስቀይሮ «ገና ትናንት ሰርቪስ ወጣ» ይላል። ደረቅና የሚያብረቀርቅ ሞተር ለገዢው ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ሊያስነሣበት ይገባል። ከታጠበ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተነድቶ፣ ተነሥቶ እንደቆመ ከሥሩ ካርቶን ተዘርግቶ ይታይ። በኮፓው ዙሪያ ትኩስ ሲሊኮን ካለ የተሸፈነ ነገር አለ።

ጠብታ ከተገኘም ገበያው ወዲያው አይፈርስም፤ ቦታው ዋጋውን ይወስናል። ከታፖ ከሆነ ሮንዴላ ነው፤ ስለ እሱ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። ከላይ ከቴስታታው ክዳን ከሆነ ጓርኒሲዮን ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ። ዘይቱ የሚወርደው ሞተርና ካምቢዮ ከሚገናኙበት ከሆነ ግን የኋላው ፓራኦሊዮ ሳይሆን አይቀርም። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ እሱን ለመድረስ ግን ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ ካምቢዮ ከወረደ ደግሞ ፍሪሲዮኑም አብሮ መታየቱ አይቀርም። ደላላው ይህን እያወቀ «ትንሽ ላብ ናት» ካለ ገዢው የካምቢዮ ማውረጃውን ዋጋ ከመካኒክ ጠይቆ ከመሸጫው ላይ ቢያስቀንስ መብቱ ነው።