የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ካያክ አጠጋገን

ይህንን አጭር ትምህርት የምናቀርበው ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች የእኛን ስሕተት እንዳይደግሙ ነው። ዓሣ የምናጠምድባት ካያክ ከሥሯ ብትሰነጠቅ ኤፖክሲ ቀባናት። ማጣበቂያው እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ባሕር ላይ ስንወጣ ግን እንደ ቅርፊት ተላጠ። ውሃው ከመቀመጫው በታች ባለው ባዶ ሆዷ ስለሚጠራቀም ቶሎ አይታይም፤ እኛም ያወቅነው ጀልባዋ ወደ ጎን ስታዘነብል ነው።

አብዛኛው የፕላስቲክ ካያክ የሚሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው። ገጹ ሰም መሰል በመሆኑ ተራ ማጣበቂያ አይዘውም፤ ስለዚህ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ መበየድ አለበት።

በቅድሚያ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ጉልበቱ በሹሉ ጫፍ ስለሚሰበሰብ አለዚያ ስንጥቁ መሄዱን አይተውም። ከዚያ ስንጥቁ በቢላዋ እንደ ቦይ ይሰፋል፣ ይጸዳል፣ ይደርቃል። ፖሊኤቲሊን በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ይበቃል፤ የእሳት ነበልባል ግን ያሳርረዋል። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ጭሱ ይጎዳል። ዋናው ነገር የሚሞላውን ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን የስንጥቁንም ከንፈሮች አብሮ ማቅለጥ ነው። (ይህን ዘንግተን ሥራውን ሁለት ጊዜ ሠርተናል።)

ሲቀዘቅዝ ሆዷ ውስጥ ውሃ ጨምረን አሳደርናት። ጠዋት ውጭዋን በእጃችን ዳበስን፤ ደረቅ ነበር።